ስለ ካንሰር የደም ምርመራ ስትጽፉ ሁለት ቁጥር አትዝለሉብን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ አንድ የደም ምርመራ ካንሰርን «በ99 በመቶ ትክክለኛነት» እንደሚለይ የጻፋችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ። እንጀራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከዜናው ወዲህ የውጤት ወረቀታቸውን ይዘው «እንግዲህ ካንሰር የለብኝም ማለት ነው?» የሚሉኝ ሰዎች በርክተዋል። ዜናችሁ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን አንባቢ ከሁሉም በላይ የሚፈልጋቸውን ሁለት ቁጥሮች ዘሎ አልፏል። ምርመራው ካንሰር ካለባቸው መቶ ሰዎች ስንቱን ያገኛል? «አለባችሁ» ካላቸው መቶ ሰዎችስ ስንቱ በእርግጥ አለባቸው?

ጥያቄዎቹ አንድ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው በጣም ይራራቃል። እስቲ እናስላው። ምንም ምልክት የማይታይባቸው 1,000 ሰዎች ተመረመሩ እንበል፤ ካንሰር ያለባቸው 10 ናቸው። ምርመራው ከአሥሩ ዘጠኙን ያገኛል፣ ከጤነኞቹ ደግሞ በስህተት የሚያስደነግጠው 5 በመቶውን ብቻ ነው። ጎበዝ ምርመራ ነው ያሰኛል። ይሁንና የ990 ጤነኞች 5 በመቶ ወደ 50 ሰው ይጠጋል። ስለዚህ «አለባችሁ» ከተባሉት 59 ሰዎች እውነተኛዎቹ ሕመምተኞች 9 ብቻ ናቸው። ይኸው ምርመራ ሐኪም ዕባጭ ዳስሶ ለላካቸው ሰዎች ቢደረግ ግን ካንሰሩ ያለባቸው ቀድሞውኑ ብዙ ስለሚሆኑ የውጤቱ ትርጉም ፈጽሞ ይለወጣል። ምርመራው ያው ነው፤ የተለወጡት ተመርማሪዎቹ ናቸው።

በየቀኑ ከምንሠራቸው መካከል የፕሮስቴቱን (የወንዶች ዕጢ) ፒኤስኤ ልውሰድ፤ ፕሮስቴት የሚሠራው፣ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው። ለዓመታት የተሠራበት መለያ መስመር 4 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። ፕሮስቴት በዕድሜ ሲተልቅም፣ በኢንፌክሽን ሲቆጣም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ከፕሮስቴታቸው በመርፌ ናሙና ከተወሰደላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው ሩብ ያህሉ ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቁጥራቸው ከ4 ያላለፈ ወንዶችን በናሙና ሲመረምር 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ካንሰር አግኝቷል። ይህን ሰምቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከእነዚህ ካንሰሮች ብዙዎቹ ሰውየውን ሳይጎዱ አብረውት የሚያረጁ ናቸው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ፒኤስኤ አደገኛውን ካንሰር ከማይጎዳው ሰነፍ ካንሰር ለይቶ አይነግረንም።

ለእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር የሚታዘዘው ሲኤ-125 የተባለ የደም ምርመራ ደግሞ በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በማሕፀን ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ)፣ በጉበት ሕመምም ይጨምራል። ካንሰሩ ገና ጀማሪ ሲሆን ከፍ ብሎ የሚገኘው በግማሽ ያህሉ ሴቶች ብቻ ነው። እንግሊዞች ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ውጤት፣ ጤነኛ ሴቶችን በዚህ መንገድ አዘውትሮ መመርመር በበሽታው የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። እንዲህ ስላልኩ ምርመራውን ከንቱ አታድርጉብኝ። ካንሰሯ ታውቆ ሕክምና ላይ ያለች ሴት መድኃኒቱ እየሠራላት መሆኑን ለማየት ጥሩ መከታተያ ነው። የአንጀት ካንሰርን ለመከታተል የሚያገለግለው «ሲኢኤ» የተባለው የደም ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ሲጋራ ማጨስ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። እነዚህን ሁሉ ደርድሮ ለጤነኛ ሰው «ሙሉ የካንሰር ምርመራ» እያሉ መሸጥ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ጭንቀት መሸጥ ነው።

ወደ አዲሶቹ የደም ምርመራዎች ልምጣ፤ ዜናችሁም ስለ እነሱ ይመስለኛል። ዕጢ ሲያድግ የሚሞቱ ሴሎቹ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ምርመራው ይህን ፈልጎ ምንጩን ይገምታል። ግሩም ሐሳብ ነው። ትንሽ ዕጢ የሚለቀው ግን ትንሽ ነው። ጋለሪ የተባለው የታወቀው ምርመራ በአምራቹ ጥናት ውስጥ አራተኛ ደረጃ የደረሰ (ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ) ካንሰር ካለባቸው 90 በመቶውን ሲያገኝ፣ አንደኛ ደረጃ (ገና ጀማሪ) ላይ ካሉት ያገኘው ወደ 17 በመቶ ብቻ ነው። ዘግይቶ ማግኘቱን ሕመሙ ራሱም ይችልበታል። ካንሰር የሌለባቸውን ግን ከ99 በመቶ በላይ በትክክል «ሰላም ናችሁ» ይላል፤ የዜናችሁ 99ም ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከ6,600 በላይ ሰዎችን ባቀፈ ሌላ ጥናት ይኸው ምርመራ 92 ሰዎችን አስጠንቅቆ በተጨማሪ ምርመራ ካንሰር የተረጋገጠባቸው 35 ናቸው። ከላይ ካሰላሁት ይህ በጣም የተሻለ ነው፤ አልክድም። ቢሆንም ከግማሽ በላይ ተጠርጣሪዎች በከንቱ ደንግጠዋል።

የደም ካንሰር ለብቻው ይታይ። ሉኪሚያ ሲሆን የታመሙት ሴሎች ብዙ ጊዜ ደሙ ውስጥ ስለሚገኙ ተራው የደም ሴል ቆጠራም ጥርጣሬውን ያስነሳል፤ ማረጋገጫው ከመቅኔ ይወሰዳል።

በምስል የሚደረጉትም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 53,000 በሚያህሉ አብዝተው ያጨሱ ሰዎች ላይ አነስተኛ ጨረር ያለውን ሲቲ ስካን ከተራው የደረት ራጅ ጋር አወዳድሮ፣ በሲቲ ስካኑ ወገን በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት በ20 በመቶ ቀንሰው አገኛቸው። ሲቲ ስካኑ ካስደነገጣቸው ውጤቶች ግን 96 በመቶው ካንሰር አልነበሩም። እንደ እኔ ይህ ምርመራ ጠቃሚ ነው፤ ሕይወት አትርፏልና። የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንገትን በአልትራሳውንድ ማየት ሲስፋፋ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ካንሰር የሚገኝባቸው ሰዎች 15 እጥፍ ጨመሩ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ባለበት ቆመ። ብዙ ሰው ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ላያስቸግረው በሚችል ነገር አንገቱ ተከፈተ።

እኔ ለዘመዶቼ ስመክር ገና ካንሰር ሳይሆን የሚይዙትን አስቀድማለሁ፤ ለማሕፀን በር፣ ካንሰሩን የሚያመጣውን የኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራን፣ ለአንጀት ደግሞ ካሜራ ባለው ቱቦ ውስጡን የሚያየውን ኮሎኖስኮፒን። ኮሎኖስኮፒው ፖሊፑን (ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ ጭማሪ ሥጋ) አይቶ እዚያው ያነሳዋል። ጥርጣሬ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ቃሉን የሚሰጠው ባዮፕሲ (ከተጠረጠረው ቦታ የሚወሰድ የሥጋ ናሙና) ነው፤ እሱም መርፌው ከዕጢው ጎን ካለፈ ይስታል፣ ያኔ ይደገማል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በከንቱ የደነገጠው ሰው አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሰገራው ላይ ደም እያየ ወይም ጡቷ ላይ ዕባጭ እየዳሰሰች «የደም ምርመራዬ ኖርማል ነው» ብለው የሚቀመጡት ናቸው። ምልክት ያለበት ሰው ምልክቱ ያለበት ቦታ መታየት አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ አምራቹን ጠይቁልን፤ የተሞከረው በሕመምተኞች ላይ ነው ወይስ በጤነኞች? በአንደኛ ደረጃ ስንቱን አገኘ? ካስጠነቀቃቸው ስንቱ እውነት ሆነ? የሚሞተውስ ሰው ቀነሰ? መልስ ካልሰጣችሁ፣ አለመስጠቱንም ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆንኩ አንባቢያችሁ