ጭሱን ለእሷ ብቻ አትተውላት

ልጄ፣ እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፣ ያው ከእናትህ ሳል በቀር። አክስትህ እናንተ ዘንድ አዲስ አበባ ሰንብታ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። ሚስትህ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታሳርፍ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ አንተ ሶፋ ላይ ተጋድመህ ስልክ ትነካካለህ። እሷም እኮ እንዳንተ ስትሠራ ነው የምትውለው! ጭሱን ለእሷ ብቻ አትተውላት።

ከማን ተማረው አልልም፣ ከእኔ ነው። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የነበረው ቤታችን ጓዳው መስኮት እንዳልነበረው ታስታውሳለህ። እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡልን ሴቶች ናቸው፣ እኔ ዋጋ እከራከራቸዋለሁ። እናትህ ሦስት ጉልቻ ላይ ስትጋግር እኔ ደጅ ተቀምጬ «ቡናው አልደረሰም?» እላለሁ። አንዴ ምርጥ ምጣድ የሚባለውን ምድጃ እንግዛ አለችኝ፣ እንጨት በግማሽ ይቀንሳል ብለዋት። እኔ ግን ጥምቀት ደርሶ ነበርና ኮት ገዛሁበት። ያንን ኮት ለብሼ ፋሲለደስ መዋኛ ስጨፍር ዋልኩ፤ እሷ እንግዳ ይመጣል ብላ ምጣዱ ላይ። ማታ ዓይኗ ቀልቶ ሳይ «አለቀስሽ እንዴ?» ብላት «ጭሱ ነው» አለች። ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ያኔ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር። አንተ ግን ያገባኸው እኩል ናችሁ በሚለው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። በምን ታመካኛለህ?

ስማኝ፣ ደሞዝ ስትቀበል የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዛ። ለብቻው ወፍራም መስመር አስዘርጋለት፣ ማከፋፈያ ላይ እንዳትሰካው፣ ይቀልጣል። ምጣድ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን በአንዴ ጋግሩ። እሷ ስታሰፋ አንተ አክንባሎውን ክደን፣ በሰፌድ አውጣ፣ ሲለምድህ ተራ ትለዋወጣላችሁ። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው፣ ቶሎ ይበስላል። ገበያ ስትወጣ ዘንቢል ያዝ፣ ያን ሁሉ ፌስታል የት ልታደርሰው ነው? ከሰል ካነደዳችሁም ውጭ ይሁን። ማንደጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ፣ ይገድላል! ጭሱን ለእሷ ብቻ አትተውላት ስልህ አንተም ታጠን ማለቴ አይደለም።

እኔ ዘንድሮ ምርጥ ምጣዱን ገዝቼ መጋገር ጀምሬያለሁ። እንጀራዬ ዓይን የለውም። እናትህ ገና ስታየው ትስቃለች፣ ስትስቅ ደግሞ ሳሏ ይነሳባታል።

እሁድ ደውልላት። የኮቱን ነገር እንዳታነሳባት።

አባትህ፣ ከጎንደር