አሮጌ ጀልባ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ከፍራሹ ሳይሆን ከቀዳዳው ጀምሩ

ሰላም አዘጋጆች፣

የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ፣ ከሚከራዩት ቤቶችና ከሚሸጡት መኪኖች መሃል፣ አንድ የሸራ ጀልባ አየሁ። 27 ጫማ፣ በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ዋጋው 2,500 ዶላር፣ "ትንሽ ጽዳት ብቻ የሚፈልግ" ይላል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ የጀልባ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ቀጥሎ ግን ሰጋሁ። ሃምሳ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ጀልባ ትንሽ ጽዳት ብቻ አይፈልግም።

ከወሬ አይደለም የምናገረው። ባሕር ዳር ተወልጄ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የተማርኩ መካኒክ ነኝ። አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ባለ 27 ጫማ ጀልባ ከገዛሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የምትቆመው ከአናፖሊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ነው። ሥራዋን በሙሉ ማለት ይቻላል በራሴ እጅ ነው የምሠራው። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ7 ሜትር አይበልጥም፤ ለጀማሪ ቤተሰብ እንደዚህ የሚመች ውሃ ማግኘት ከባድ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። የእኛ ሰው ለምን እንደማይሄድበት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ማስታወቂያው ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ ልክ እንዲህ ዓይነት ጀልባ ገዛ። ገንዘቡ የት ገባ? አዲስ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ስፒከር፣ ቴሌቪዥን። በጎኗ ላይ የልጁን ስም በሚያምር ፊደል አጻፈ። በጋውን ሙሉ ቤተሰብ ይዘን ወጣንባት፤ ቡና ሳይቀር አፍልተንባታል። ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ከማሪናው፣ ከጀልባ ማቆሚያው ማለት ነው፣ ስልክ ተደወለለት፣ አብረን በረርን። ስንደርስ ምሰሶዋ ቆሟል፣ ገመዶቿ እንደታሰሩ ናቸው፣ ውሃው ግን መስኮቶቿ ላይ ደርሷል። ማዕበል አልነበረም። የመታት ነገርም የለም። እንደታሰረች ነው የሰመጠችው።

ሲመረመር ጥፋቱ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተገኘ። ውሃ የሚያወጣው ጎማ ቱቦ ላይ የነበረችው ፋሸታ፣ ቱቦውን አጥብቃ የምታስረው የብረት ቀለበት፣ ዝጋ ተበጥሳለች፣ ቱቦው ሾልኮ ወጥቷል። ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣው ፖምፕ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሠርቷል፣ ከዚያ ቆመ። ፋሸታዋ ሱቅ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዶላር ናት። ወዳጄ የዚያን ቀን ምንም አልተናገረም፤ የልጁ ስም ውሃ ውስጥ ሆኖ እየታየው ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ከሚያምረው ሳይሆን ከሚያሰምጠው ይጀምር ነው የምለው። ከውሃው በታች ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሩ። የእኔዋ አምስት አላት፦ የሞተር ማቀዝቀዣ፣ የሽንት ቤት መግቢያና መውጫ፣ የማጠቢያ፣ የኮክፒት (ተቀምጠን የምንነዳበት ክፍት ቦታ) ፍሳሽ። ከውሃው 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ያለች 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ በደቂቃ ከ150 ሊትር በላይ ታስገባለች። የቤንዚን በርሜል በአንድ ደቂቃ ተኩል ትሞላለች ማለት ነው። ብዙ ትንንሽ ጀልባ ላይ የሚገኘው በሰዓት 500 ጋሎን የሚል ፖምፕ፣ የተጻፈበትን ያህል ቢሠራ እንኳ፣ በደቂቃ 30 ሊትር ቢያወጣ ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ፖምፕ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም።

በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚዘጋው በናስ ባልቦላ ነው፣ ያ እንደ አትክልት ውሃ ማጠጫ የሚሽከረከር ክብ እጀታ ያለው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ጨዋማ ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ ይበላና ሮዝ የሚመስል ፍርፍር መዳብ ይተዋል። ከውጭ ስታዩት ደህና ነው። የእኔን ጀልባ የገዛሁ ሰሞን፣ ደግነቱ መሬት ላይ ወጥታ እያለች፣ አንዱን ልሞክረው ብዬ ሳዞረው ሙሉ በሙሉ እጄ ላይ ቀረ። ውሃ ላይ ሆና ቢሆን ኖሮ! አምስቱንም ነቅዬ በነሐስ (በመዳብና በቆርቆሮ ቅይጥ) ቀየርኳቸው፣ እጀታቸው ሩብ ዙር ሲዞር የሚዘጋውን ዓይነት። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። የቤት ቧንቧ መሸጫ ሄዳችሁ ተመሳሳይ የሚመስለውን ገዝታችሁ እንዳታስገቡ፤ እሱም ናስ ነው። ቱቦውን በሁለት ፋሸታ እሰሩት፣ ቦታው ከፈቀደ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ ልኩ የሆነ የእንጨት ውታፍ በክር አንጠልጥሉ። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከጀልባዋ በወጣሁ ቁጥር ደግሞ ባልቦላዎቹን ዘግቼ ነው የምሄደው፣ የኮክፒቱ ፍሳሽ ሲቀር።

ፋይበርግላስ አይበሰብስም ይላሉ። እውነት ነው፣ እሱ አይበሰብስም። ግን የምትረግጡት የላይኛው ወለል ብዙ ጊዜ ሁለት ስስ ፋይበርግላስ ነው፤ በመሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለ። ከሃምሳ ዓመት በፊት በዚያ ውስጥ ብሎን ተበስቷል፤ ማሸጊያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ገብቷል፣ ክረምት በረዶ ሆኖ አብጧል። በፕላስቲክ መዶሻ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ገበያ ላይ ምጣድ ስትገዙ በጣት እንደምታንኳኩት ነው። ደህናው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የበሰበሰው ታፍኖ ይደነግዛል። እናቴ ምጣድ ስትመርጥ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል ማለት ነው።

ጥገናው ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ብሎኑን አውጡ። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጋችሁ ብሱት፣ ዙሪያውን ያለውን እርጥብ እንጨት ጫሩና አውጡ። ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ሳምንትም ይፍጅ ጠብቁ። ከሥር በቴፕ ዘግታችሁ በወፍራሙ የተቦካ ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ ሙሉት፣ ሲጠነክር በመሃሉ አዲስ ቀዳዳ ብሱ። አሁን ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፣ ውሃ ቢገባም ሾልኮ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል እንጂ እንጨት አያበሰብስም። ለማሸጊያ እኔ የምወደው ቡቲል ነው፣ እንደ ማስቲካ የሚሳበውን። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አታስጠጉ፤ ቆሻሻው አይለቅም፣ ሌላ ነገር በላዩ አይዝም።

ልጅ ሆኜ ጣና ላይ የማውቀው ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው። ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደረቅ ነበር፣ ሲያረጅም ባለቤቱ አዲስ ይሠራል። ጀልባ ውሃ እንደሚጠጣ እዚያ ማንም አይጠራጠርም። እዚህ ፕላስቲክ ስለሚመስለን ነው የምንዘናጋው።

ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች ከማይዝግ ብረት ናቸው፤ ባለሙያዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ቀይሩ ይላሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሽቦውን ከጀልባው ጋር የሚያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ወለሉን በስቶ በሚያልፍበት ቦታ እርጥበት አለ፣ አየር የለም። ማይዝግ የተባለው ብረት የሚበላው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከላይም ከታችም ያበራል፣ መሃሉ ተሰንጥቋል። ነቅላችሁ ካላያችሁት አታውቁትም።

ሞተሩ ላይ መካኒኮቻችን ደስ ይላቸዋል። የዚያ ዘመን ብዙ ጀልባ ውስጥ አቶሚክ ፎር የሚባል የቤንዚን ሞተር አለ፣ ከ1947 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በአሥር ሺዎች የተሠራ፣ አራት ሲሊንደር፣ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ቀላል ነው፤ መለዋወጫው ዛሬም አለ። ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ሁሉም የምናውቀው ነው። እዚህ ላይ ግን ለሙያ ወንድሞቼ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የመኪና ሞተሪኖ፣ የመኪና ዲናሞ፣ የመኪና ካርቡራተር ጀልባ ውስጥ እንዳታስገቡ። ልኩ ቢገጥም፣ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ መሬት ላይ ወርዶ ይበተናል፤ ጀልባ ላይ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል። የጀልባው ዕቃ ፍንጣሪ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የመኪናው አይደለም። እኔም ሶማሌ ተራ የለመደ እጄ የመኪና ሞተሪኖ ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው ያስቆሙኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ የአየር ማስወጫውን አራት ደቂቃ አስነፍሱ፣ አሽትቱም። ልጆች ካሉ ሞተሩ እስኪነሳ ደረቅ መሬት ላይ ይቁሙ።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ጉድ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ሽቦ እየጨመሩ፣ በናስትሮ እየጠቀለሉ ሄደዋል። ሁሉንም ነቅዬ ከዜሮ ሠራሁት፤ ክረምት ላይ ሳሎን ቁጭ ብዬ በወረቀት ስዬ ነው የጀመርኩት። በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ተራው ውስጡ ይጠቁራል። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ በ18 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ይኑረው፤ መቀመጫው እዚሁ አናፖሊስ የሆነው የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት ያወጣው መለኪያ ነው። የፖምፑ መስመር ከዋናው ማብሪያ ውጭ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ይነሳ፣ እናንተ ሳትኖሩ የሚሠራው እሱ ነውና። ከወደቡ የሚመጣውን 120 ቮልት ግን ፈቃድ ላለው ሰው ስጡ። እኔም አልነካውም። ልጆቻችሁንም ማሪና ውስጥ አታስዋኙ። ከአንድ የተበላሸ ጀልባ ውሃ ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሪክ፣ ጨው በሌለበት ወይም ባነሰበት ውሃ ላይ፣ የዋናተኛን ጡንቻ አስሮ ያሰምጣል። ምንም ምልክት አይታይም።

የታችኛው ቀለም በየጊዜው ይታደሳል፣ መዳብ ስላለበት ስትፈገፍጉት በእርጥቡ ይሁን፣ ጥሩ ማስክ አድርጉ። ጀልባዋን የደገፉትን ብረቶች ራሳችሁ አታንቀሳቅሱ፣ የግቢው ሠራተኞች ሥራ ነው። ሌላው ብረት እንዳይበላ በእሱ ፈንታ እንዲበሉ ከውሃው በታች የሚታሰሩት የዚንክ ቁራጮች ግማሽ ሲቀሩ ቀይሩ፤ እንደ ቼሳፒክ ጨውና ንጹሑ በተቀላቀለበት ውሃ አሉሚኒየሙ ይሻላል።

ማሻሻያ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ከጨመርኳቸው ውስጥ ለገንዘቡ የተገባ የምለው ሁለት ነው። አምፖሎቹን በሙሉ ኤልኢዲ አደረግኳቸው፣ ባትሪው አሁን ሌሊቱን ያድራል። አንድ 100 ዋት ሶላር አስቀመጥኩ፣ በሳምንቱ መሃል ባልመጣም ባትሪው ሞልቶ ይጠብቀኛል። ፍራሹ? ገና ዘንድሮ ነው የቀየርኩት፣ ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ታግሳ።

የገንዘቡንም ነገር በግልጽ ልናገር። ጀልባዬን የገዛሁት በ3,000 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዚያ በላይ አውጥቻለሁ፣ የማቆሚያ ኪራዩን ሳይጨምር፣ ጉልበቴንም ሳልቆጥር። ቢሆንም አይቆጨኝም። ልጄ አሁን 14 ዓመቷ ነው፤ ባልቦላ ፈትታ ቅባት ቀብታ መልሳ ትገጥማለች። ነፋስ ሲነሳ ሸራውን ማን እንደሚያሳንስ አልነግራትም፣ ተነስታ ትሄዳለች።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። የጀልባ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቃችሁ አብራችሁ አውጡ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃ የወጣችው መቼ ነው፣ ከውሃ በታች ያሉት ባልቦላዎች ናስ ናቸው ነሐስ፣ ሞተሩ ቤንዚን ነው ናፍጣ። አንድ መስመር ነው የሚጨምረው። ያችን 2,500 ዶላር ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት መርማሪ ቅጠሩ፤ ለዚያ አቅም ካልኖራችሁ ለአዘጋጆቹ ስልካችሁን ተዉልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፤ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ