የዝዋይ ደሴቶችም ሰው ይኖርባቸዋል

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዝዋይ ሐይቅ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዓሣ ጥብስ ነው። ሐይቁ ላይ ግን 5 ደሴቶች አሉ፣ የዛይ ሕዝብም በዓሣ ማጥመድና ተዳፋቱን በእርከን እያረሰ ለዘመናት ኖሮባቸዋል። ቋንቋው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። በትልቁ ደሴት በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እዚያ ተጠልሎ ነበር ይባላል፣ ይህ እምነት ዛሬም የሕዝቡ ትልቅ ኩራት ነው።

የሚያሳስበኝ ኑሯቸው ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱበትን ውሃ በየዳርቻው ያለው የመስኖ ፓምፕ ይስበዋል፣ ከእርሻው የሚታጠበው ኬሚካል ይገባበታል፣ እንቦጭም መጥቷል። ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ ጀልባ ያስፈልጋታል፣ ንፋስ ከተነሳ ደግሞ ምን ታድርግ? ለመኪና አምቡላንስ በጀት ከተገኘ ለሞተር ጀልባ የማይገኝበት ምክንያት አይገባኝም። እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩና ነዋሪዎቹን ራሳቸውን አነጋግሩ፤ ፓምፑን ማን እንደሚቆጣጠርም የሚመለከታቸውን ጠይቁልን።