ኤሌክትሪኩ እስኪመጣ ጠብታው አይቋረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ግላኮማን፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ግፊት ምክንያት የዓይን ነርቭ የሚጎዳበትን በሽታ፣ በኤሌክትሪክ ስለማከም የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን እኛ ሰፈር ሲደርስ ሌላ ወሬ ሆኗል።

በቀደም አንድ አባት መጡ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው። ለልጅ ልጃቸው የሳል ሽሮፕ ገዝተው ሊወጡ ሲሉ «አባባ፣ የግላኮማው ጠብታስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በኤሌክትሪክ የሚያድን መጥቷል አሉ። እሱን ልጠብቅ እንጂ ይሄ እያቃጠለኝ ምን አደርገዋለሁ?» አሉኝ። ክው ነው ያልኩት።

ሕክምናው የውሸት አይደለም። ዓይን አካባቢ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ትንሽ ነገር) ይለጠፍና ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። የታሰበው ተዳክመው ግን ሳይሞቱ የቀሩትን የነርቭ ሴሎች ለመቀስቀስ ነው። ጀርመን ውስጥ የዓይን ነርቫቸው በተጎዳ 82 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። ለ10 ቀን፣ በቀን እስከ 50 ደቂቃ ነበር። ኤሌክትሪኩን ያገኙት እይታ በአማካይ 24 በመቶ ሲሻሻል፣ ለማስመሰል ብቻ የተደረገላቸው 2.5 በመቶ ነው። ደስ ይላል። ግን ሁሉም የግላኮማ ታማሚዎች አልነበሩም። ክትትሉም የሁለት ወር ያህል ነው።

ደግሞ ይሄ ሕክምና የዓይን ግፊትን ለማውረድ የተሠራ አይደለም። ግፊቱን የሚያወርደው ጠብታው ነው፤ እሱ ከተቋረጠ ግፊቱ የቀረውን ነርቭ መግደሉን ይቀጥላል። የዓይን ሞራ ቢሆን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው ያስወጡት ነበር። በግላኮማ የሞተ ነርቭ ግን እስካሁን የሚመልሰው አልተገኘም። ይሄ ነገር በጽሑፋችሁ መጀመሪያ ላይ መምጣት ነበረበት።

አባባን ወንበር ላይ አስቀምጬ ጠብታውን ሲያደርጉ አየኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ቅንድባቸው ላይ፣ ሌላው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ለካ ጠርሙሱ ወር ሳይሞላው የሚያልቅባቸው ለዚህ ነው! ቀና ብለው የታችኛውን ሽፋን ሳብ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ አፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ብዙም አይወርድም። ቲሞሎል የሚባለውን የግላኮማ ጠብታ ለሚያደርግ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ሰውነት ሲገባ የልብ ምትን ያዘገያል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቲሞሎል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃል አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

እሳቸውስ ለሳል ሽሮፕ ስለመጡ አገኘኋቸው። ቤታቸው ተቀምጠው ኤሌክትሪኩን የሚጠብቁት ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ በሚቀጥለው እትም ስለ ጠብታ አደራረግ ግማሽ ገጽ ስጡን። ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ የታማሚ ልጆችና ወንድም እህቶች ሳያማቸው እንዲመረመሩም ጻፉ። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፤ አባባ ራሳቸው ማንበብ ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስቷ፣ ከኮምቦልቻ