ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶበት ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፋም። አያትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ዝናቡ ጀምሯል፤ እኔም አጎበር እያደልኩ ነው የምውለው።

ሐሙስ ማታ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «እማዬ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሷል። እንዳንቺ የጤና ሰው መሆን ነበር የምፈልገው፤ ሶሻል ወርክ ግን ጤና ላልደረሰው የተረፈ ነገር ነው» አልሽኝ። እንባ ሲተናነቅሽ ተሰማኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። በስልክ የማይሆን ነገር ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ አሰብኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሶሻል የመረጥሽው ፊዚክስ ስለከበደሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን የድሮ ጓደኞችሽ ሕክምና፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲ ሊገቡ ነው። አንቺ ማራኪ ግቢ፣ ከሶሻል ተማሪዎቹ ጋር፣ ቀርተሻል። ቢከፋሽ አልፈርድብሽም። ግን «የተረፈ» ያልሽውን ልቀበልሽ አልችልም።

መጀመሪያ ስለምትማሪበት ቤት አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎንደር የጤና ኮሌጁ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችሁ መነሻ፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚህ እኛ አገር፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ፣ ወባ ገብቶ ወደ 7 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ተጽፏል። ቅድመ አያትሽ «የንዳድ ዓመት» ትለው ነበር። ጤፉ ደርሶ አጫጅ የጠፋበት ዓመት፣ አንዱን ቀብረው ሳይመለሱ ሌላ ለቅሶ የሚሰማበት ዓመት። ኮሌጁ ጎንደር ላይ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እልቂት ነው። እና መጀመሪያ ያስተማረው ማንን መሰለሽ? ሐኪም አይደለም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው። ሦስቱን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ሰው ከመታመሙ በፊት ቤቱ ድረስ የሚሄድ ባለሙያ ነው የፈለጉት። ሕክምናው በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው የመጣው። እና ልጄ፣ ያ ቤት ከመነሻው የሰውን ኑሮ ለማወቅ የተሠራ ነው። አንቺ እዚያ እንግዳ አይደለሽም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

አንቺ ገና ጡት ሳትተዪ ለአያትሽ ትቼሽ ነው አንድ ዓመት የሠለጠንኩት። የጤና ኤክስቴንሽኑ ገና ሦስት አራት ዓመቱ ነበር። 16 ፓኬጅ አስተማሩን፤ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የወሊድ ክትትል፣ ወባ፣ ሁሉንም። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነን ገባን። እንደኔ ያለች ሴት በአገሩ ከ30 ሺህ በላይ ነች። ሁላችንም የተማርነው ምን ብለን እንደምንነግር ነበር። እንዴት እንደምንጠይቅ ግን ብዙም አልተማርንም።

በ2002 ክረምት በላይ ሰፈር አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። አራቱንም ጊዜ ክትትል መጥታለች። ክኒኗን ትውጣለች፣ የነገርኳትን ሁሉ ትደግምልኛለች። «ጤና ጣቢያ ነው የምወልደው» ብላ ቃል ገብታልኛለች። እኔም ኮርቼባት ነበር። ምጡ ሲመጣ ግን ቤቷ ቀረች። ልጁ ወጣ፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣ አለ። ደም ፈሰሳት። አምቡላንስ ገና ወረዳችን አልደረሰም። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጣቸው፣ እኔ ከጎን ነጠላዋን ይዤ እየሮጥኩ ሄድን። ነጠላው ከብዶኝ ነበር፤ ዝናቡ ነው ብዬ ነበር፤ መብራት ስር ስደርስ ደም እንደሆነ አየሁ። እግዜር አተረፋት።

በማግስቱ ሪፖርት ጻፍኩ። «ጤና ተቋም ያልወለደችበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ሞላሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሞላው። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ልጁ ወንድ ነበርና በአርባ ቀኑ ክርስትና ተጠራሁ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ አማቷን ጠየቅኳቸው፤ ተቆጥቼ አይደለም፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል። «ልጄ» አሉኝ፣ «እዚያ ብቻዋን ነው የምታስገቧት። ማርያም ማርያም የሚላት የለ። ልብሷን አውልቃ ወንድ ፊት ተኚ ትባላለች። ከወለደች በኋላ ገንፎ የሚያገነፋላት የለ። በብርድ ትመጣለች። እኔስ እንዴት ብዬ ልስደዳት?»

ልጅቷ ግንዛቤ አላጠራትም። ከእኔ እኩል ታውቅ ነበር። እኔ ነኝ አራት ጊዜ ስትመጣ አንድም ቀን «ቤትሽ ማን ይወስናል? ምን ትፈሪያለሽ?» ብዬ ያልጠየቅኳት። ያ ሪፖርት ወረዳ ሄዶ፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ ቁጥር ሆኗል። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

በኋላ ጤና ጣቢያዎቹ የእናቶች ማቆያ ሠሩ። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ብዙ ቦታ አማት ወይም እናት አብራ ትገባለች። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ መምጣት የጀመሩት። አንድ ሰው ሄዶ ጠይቆ፣ የሰማውን ጽፎ፣ ለሚወስን አካል አስረድቷል ማለት ነው። እኔ እንደሚገባኝ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ የምትሉት ትምህርት ሥራው ይሄ ነው።

መጸዳጃ ቤቱንም አስታውሺ፤ አንቺም ልጅ ሆነሽ አብረሽኝ ሄደሻል። አባወራው ቆፍሮ፣ ክዳን አልብሶ ሠርቶታል፣ እኔም ሞዴል ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ሴቶቹ ግን አንድም ቀን አልገቡበትም። በሩ መንገድ ያያል። ምራቲቱ አማቷ እያዩ እንዴት ትግባ? በሩን ወደ ጓሮ አዞርነው፣ አለቀ። አንድ ቀን ሥራ ነበር።

ሶሻል ወርክ ትናንት የመጣ እንዳይመስልሽ። ለሥልጠና የመጣ አንድ መምህር እንደነገረን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ ጋር ተዘጋ። በማስተርስ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 30 ዓመት! እስቲ አስቢው። በመካከሉ የሰባ ሰባቱ ድርቅ አለፈ፣ ጦርነት አለፈ፣ ኤች አይ ቪ ስንቱን ቤት ዘጋ። ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ባለሙያ በሚያስፈልግበት ዘመን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። አሁን እንኳን ስንት ወረዳ ነው ባዶ ያለው።

አባትሽ «አካውንቲንግ ትግባ፣ ሥራ ቶሎ ታገኛለች» ይላል። ለአንቺ አስቦ ነው፣ አትቀየሚው። እኔ ሥራ ወዲያው ታገኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም። ጤና ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆችም ሰፈራችን አሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሳታልፊ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ስሙን አይተሽ አትግቢ፤ ልትሠሪው ከፈለግሽ ግቢ።

ከገባሽ ግን ይህን አድርጊልኝ። ስታትስቲክሱን አትሽሺው። አንዲት እናት የነገረችሽን ስትጽፊ ስንት እናት እንደዚያ እንዳለች ካላሳየሽ የሚሰማሽ የለም። ከዚያ ደግሞ ማራኪ ብቻ አትታጠሪ። የጤና ተማሪዎቹ መጨረሻ ላይ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው የሚኖሩበት ጊዜ አለ፤ ነርሱም፣ ሚድዋይፉም፣ ላብራቶሪውም አንድ ቤት ያድራሉ። ያ ኮሌጁ ከተከፈተበት ዘመን የመጣ ልማድ ነው። ሄደሽ ተዋወቂያቸው፣ ምን እንደገጠማቸው ጠይቂ። ዩኒቨርሲቲው ለአካል ጉዳተኞች ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሠራው የተሐድሶ ሥራም አለ፤ ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ ሄዶ ልጅ ያራምዳል። ልጁን ጎረቤት እንዳያየው ጓዳ የደበቀችውን እናት ግን ማን ያነጋግራት? ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን አልተማረም። አንቺ ትማሪዋለሽ።

ጓደኞችሽ ጤና ስለገቡ አትራቂያቸው። ነገ አንድ ሆስፒታል ትገናኛላችሁ። በሬውን ሸጦ የመጣ ገበሬ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ሲጠፋ፣ እነሱ «ጠፋ» ብለው ይጽፋሉ። የት እንደገባ የምታውቂው አንቺ ትሆኛለሽ።

ምርጫው ያንቺ ነው። ሳይኮሎጂ ይሻለኛል ካልሽም እሰማሻለሁ። ብቻ ከፍቶሽ ቅጹን እንዳትሞዪው።

በሚመጣው ቅዳሜ የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ አለን። አሥራ ሰባት ሴቶች ይመጣሉ፣ ቡና አለ። ክላስ ከሌለሽ ጠዋት ሚኒባስ ያዢና ነዪ፤ ደብተርሽን ይዘሽ። እኔ ስለ አጎበሩ ተናግሬ ስጨርስ አንቺ አጠገባቸው ተቀመጪና የፈለግሽውን ጠይቂያቸው። ቅጹን እሑድ ስትመለሺ ትሞዪዋለሽ።

ዳቦ ቆሎና ሽሮ በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሻለሁ። በርበሬው ትንሽ ነው፤ አዲሱ ሲፈጭ እጨምራለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ