ዲግሪን የሚያስደብቅ ቅጥር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዲፕሎማ ወይም በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ለወጣ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ ባለዲግሪ ሲያመለክት፣ መዝጋቢው «ከመደቡ በላይ ነህ» ብሎ ይመልሰዋል። በማግሥቱ ያው ሰው ዲግሪውን ቤቱ ትቶ በቀድሞ ዲፕሎማው ይመዘገባል። በሰው ኃይል አስተዳደር ለምንሠራ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መዘዙ የሚመጣው ኋላ ነው።

ዲግሪው ለደረጃ እድገት ሲቀርብ የምረቃው ቀን ከቅጥሩ ቀድሞ ይገኛል፤ ሠራተኛው ሲቀጠር ሞልቶ የፈረመበት ቅጽ ደግሞ ሌላ ይላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የእድገት መሆኑ ቀርቶ የታማኝነት ይሆናል። ሲቪውም ላይ በዩኒቨርሲቲ ያሳለፋቸው ዓመታት ባዶ ሆነው ይታያሉ።

ስለዚህ ዲግሪውን አስገቡ። ማመልከቻው ላይ ግን መደቡ የዲፕሎማ መሆኑን እንደምታውቁና በማስታወቂያው ደመወዝ እንደምትስማሙ ጻፉ፤ ቀጥሎ የምትችሉትን ሥራ ዘርዝሩ፦ ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር)፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የደመወዝ ዝግጅት። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው አይረዳም፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊውን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል እንጂ። የደረጃ 4 መደብ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ከጠየቀ ዲግሪ አይተካውም፤ አንዳንዱ «ከመደቡ በላይ» የተባለ አመልካች በእርግጥ የጎደለው ይኸው ወረቀት ነው።

ዝቅ ብላችሁ ስትገቡ የመደቡን መጠሪያ አጥብቃችሁ እዩ። አካውንቲንግ የተማረ ሰው እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሦስት ዓመት ቢሠራ፣ «ቀጥተኛ አግባብነት ያለው ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ፊት ዜሮ ዓመት ነው። ስትለቁም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉ ይጨመርበት፤ ይህ ካልሰፈረ ልምዱን የማይቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው።

አሠሪዎች «የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል» ይላሉ። ሊሄድ ይችላል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ፈቅዷል፣ በጽሑፍ ስምምነት እስከሆነ ድረስ፤ ከሙከራ በኋላ የሚለቅ ሠራተኛም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስታወቂያው ላይ «ዲፕሎማና ከዚያ በላይ፣ ደመወዙ ለመደቡ የተወሰነ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ባለዲግሪ የማይፈለግ ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ አመልካቹ ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ በምዝገባ መስኮት መስማት የለበትም።

በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሠሩ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ