የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ነጭ ዓሣ ወንዝ ሲወጣ

የክበባችን ዋና ችግር የቀን መቁጠሪያ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዝ የሚወጣው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ጉዞው የሚበረታውም በነሐሴና በመስከረም ነው። ዓሣው ጥበቃ በሚፈልግባቸው ወራት ታዲያ ትምህርት ቤታችን ዝግ ነው። ተማሪ ተመዝግቦ፣ ክበብ ተዋቅሮ፣ ተጠሪ ተመርጦ ሥራ እስኪጀመር ዓሣው ዕንቁላሉን ጥሎ ሊመለስ ትንሽ ነው የሚቀረው። አምና በአንድ ስብሰባ ላይ «ይህ ክበብ ችግኝ ከመትከል ሌላ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ይህን ስጽፍ ያ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም።

ለባሕር ዳር ሰው ስለ ጣና ዓሣ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይመስል ይሆናል። ቀረሶን ከአምባዛ፣ አምባዛን ከነጭ ዓሣ ሁላችንም እንለያለን። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ግን አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ 15 የሚሆኑ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የእኛዎቹ ለብቻቸው ኖረው ለብቻቸው ተለያዩ። ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ዕንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ሌሎቹን ገባር ወንዞች ተከትለው ሽቅብ ይወጡና ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ከእነዚህ አንዱ በሳይንስ ስሙ ትሩቲፎርሚስ ይባላል፤ «ትራውት መሳይ» ማለት ነው። ትራውትም እንደዚሁ በወንዝ ጠጠር ውስጥ ዕንቁላሉን የሚቀብር ዓሣ ነው። በእንግሊዝ ወንዞች ከመስከረም መገባደጃ እስከ መጋቢት ድረስ የዱር ትራውት ማጥመድ ክልክል መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ አንዷ እጇን አውጥታ «የኛውስ?» አለች።

የኛውም ሕግ አለው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቷል፤ በክልላችንም በመራቢያው ወቅት በገባር ወንዞችና በወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል የተከለከለ ነው። ምክንያቱን ልጆቹ በአንድ ቀን ገብቷቸዋል። ዓሣው ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይቆያል። እዚያ የተዘረጋ አንድ መረብ የሚይዘው ዕንቁላል ያዘሉ እናቶችን ነው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በ1970ዎቹ ማብቂያ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ የሆነውን አጥኚዎች መዝግበውታል፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጁን አጥቷል። በዚያ ላይ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሥጋና ወተት ሲቀር የዓሣ ገበያው ይሞቃል፤ ሕጉ ጥብቅ መሆን ያለበትም በዚያው ሰሞን ነው።

መደበኛ ሥራችንን ባጭሩ ልናገር። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ተሰብስበናል። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አራት ጊዜ መልእክት አስተላልፈናል፣ በሚኒ ሚዲያ ሐይቁን ስለሚወርረው እምቦጭ አረምና ዓሣ ለማደንዘዝ ውኃ ውስጥ ስለሚጨመረው የብርብራ ፍሬ ዝግጅት አቅርበናል። ችግኝም ተክለናል።

ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ጉማራው ጉዞ ነው። ከመስቀል በኋላ በዋለው የመጀመሪያው ቅዳሜ 18 ተማሪዎች ይዤ በሐሙሲት በኩል ወጣን። የፎገራ ሜዳ ሩዝ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ወንዙ እንደ ሻይ ቀልቷል። ከድልድዩ ትንሽ ራቅ ብሎ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ውኃው ላይ ይወዛወዛሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ቆሻሻ መስሏቸው ነበር። «ቲቸር፣ ቆሻሻ አይደለም፤ የመረብ ተንሳፋፊ ነው» ያለኝ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው። አባቱ በታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ በክበባችን ስብሰባ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ከሐይቁ ዳር አንድ ነጭ ዓሣ ገዝቼ ቤተ ሙከራ አስገባሁ። ቢላውን ያነሣው ያው ልጅ ነው። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ እሱ ሆዱን በአንድ ስንጥቅ ከፈተው። ውስጡ ቢጫ ዕንቁላል ሞልቷል። በሻይ ማንኪያ ጨልፎ በነጭ ሳሕን ላይ አፈሰሰና በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ እየገፋ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ ለብቻው ነበር፤ ከዚያ ሌሎቹም ተጠግተው አብረውት ጮክ ብለው ቆጠሩ። አራት መቶ ካለፉ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የማንኪያዋ ገና አላለቀም፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከማንኪያው ብዙ እጥፍ ነው። «አባቴ ክረምት ክረምት እንዲህ ያለውን ነው የሚያመጣው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደብተሬም የሚገዛው በሱ ነው» አለኝ። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ለዚያ ልጅ የምመልሰው ግን አልነበረኝም።

በጥር አባቱን ጋብዘናቸው መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከልጆቹ ፊት ቆመው ልጅ ሳሉ ዓሣው እንዴት ይበዛ እንደነበር አወሩ። ሕጉን ያውቁታል፣ አይቃወሙትምም። «ወንዙ ይዘጋ፤ ግን ያን ሁለት ወር ለኔ ቤት ምን ይግባ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከአባቱ ጋር ነኝ። ክልከላው ያለ መተዳደሪያ ሲመጣ ሸክሙን ለብቻቸው የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የክበባችን ውይይት ተለውጧል፤ ልጆቹ «ማን ይቀጣ» ማለቱን ትተው በክረምት ለአጥማጅ ቤተሰብ ምን ሥራ ሊገኝ እንደሚችል መነጋገር ጀምረዋል።

ያልተሳካልንም አለ። ከጉማራ በላይ ወዳሉት ጠጠራማ ጅረቶች ልናደርግ ያሰብነው ሁለተኛ ጉዞ በመኪና ኪራይ ምክንያት ቀርቷል። በወንዝ አፍ ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ለመትከል ፈቃድ የጠየቅንበት ደብዳቤ ለአምስት ወር መልስ አላገኘም። የስፖርት ክበቡ ዘንድሮ ሙሉ ማሊያ ተገዝቶለታል፤ ይገባዋልም፣ ደስ ብሎናል። እኛ ግን ያን ዓሣ የመዘንነው ከግቢያችን በር ላይ ካለችው ሽንኩርት ሻጭ በተዋስነው ሚዛን ነው።

በዚህ ክረምት ዘጠኝ አባላት ከተማ ይቆያሉ። ከሐምሌ ጀምሮ በየቅዳሜው ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው የመጣውን ነጭ ዓሣ፣ የተያዘበትን ቦታና ዕንቁላል መያዝ አለመያዙን ይመዘግባሉ። መዝገቡን ያሰመረው ያ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ አባቱም ጓደኞቻቸውን ሊያነጋግሩልን ቃል ገብተዋል። የወላጅ መምህር ኅብረቱና (ወመህ) አስተዳደሩ ከውስጥ ገቢው የትራንስፖርትና የአንድ ሚዛን ወጪ እንዲሸፍኑልን በክበቡ ስም እጠይቃለሁ። ልጁን ለማስመዝገብ ወይም መዝገቡን ለማየት የሚፈልግ ወላጅ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ያገኘኛል።